ዓሣ በስንት መልክ ይጻፋል?

ወረታ ሦስት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። አንዱ ወደ ደቡብ ባሕር ዳር ይወስዳል፤ ሌላው ወደ ሰሜን ጎንደር ያደርሳል፤ ሦስተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የደብረ ታቦርን ደጋ ይወጣል። በዚህ መገናኛ የሚመላለስ ማንበብ የሚችል ሰው የሁለቱን ታላላቅ ከተሞች ስም ወጥ ሆኖ አያገኘውም። አንዱ ጽሑፍ «ባሕር ዳር» ሲል ሌላው «ባህር ዳር» ይላል፤ አንዱ «ጎንደር» ሲል ሌላው «ጐንደር» ይላል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ የሚያበቃው ጣና ላይ ነው፤ ጣናም በቆዩ ጽሑፎች «ጻና» ተብሎ ይገኛል፤ «ሐይቅ» የሚለው መጠሪያውም «ሀይቅ» ተብሎ ይጻፋል። ክረምት ሲበረታ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሞልተው ሜዳውን የሚያለብሱት ለአንዱ ጸሐፊ «ውኃ» ነው፤ ለሌላው «ውሃ» ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ ነው። የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ በ«ዐ»፣ በ«ዓ»፣ በ«አ» ወይም በ«ኣ» መጻፍ ይቻላል፤ ሁለተኛውን በ«ሣ» ወይም በ«ሳ»። አራት በሁለት ሲባዛ ስምንት ይሆናል። ስምንቱም ሲነበቡ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ስምንቱም የሚጠሩት ያንኑ ዓሣ ነው።

የዚህ ሁሉ ምንጭ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ሆሄያት ይሆናሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሀ፣ ሐ እና ኀ በዛሬ አማርኛ አንድ ድምፅ አላቸው፤ ሰ እና ሠም እንዲሁ፤ አ እና ዐም እንዲሁ፤ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ስለ እነርሱ የሚደረገው ክርክር አሮጌ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይካሄዳል። አንደኛው ጎራ ሞክሼዎቹ ትርጉም ስለሚለዩ አንዳቸውም አይነኩ ይላል። ሌላው ትርፍ ሸክም ስለሆኑ ይቀነሱ ይላል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ሁለቱም ጎራዎች የችግሩን ቦታ ስተውታል የሚል ነው። ችግሩ ያለው በፊደላቱ ብዛት አይደለም፤ የትኛው ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ስምምነት አለመኖሩ ነው። ስምምነት ቢኖር ሞክሼዎቹ ሀብት ይሆናሉ፤ ስምምነት ከሌለ ግን ብንቀንሳቸውም ከጥቅሙ ግማሹን ብቻ እናገኛለን።

ይህን ለማየት የእንግሊዝኛን ነገር ማንሳት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ያው ጣጣ እዚያም አለ፤ የደረሰበት ግን ሌላ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚከታተል የፎገራ ተማሪ «ራይት» የሚለውን አንድ ድምፅ በአራት መልክ ሊያገኘው ይችላል፤ አንዱ ቀኝ ወይም ትክክል ማለት ነው፤ አንዱ መጻፍ፣ አንዱ የእምነት ሥርዓት፣ አንዱ ደግሞ ሠሪ ወይም ባለእጅ። «ናይት» ሲባልም ሌሊትም ነው፣ ፈረሰኛ ጦረኛም ነው፤ ጦረኛው ከፊቱ የማይነበብ «ኬ» የተባለ ፊደል አለበት፤ ሁለቱም በመካከላቸው የማይነበቡ «ጂ» እና «ኤች» አሉባቸው። እነዚህ የማይነበቡ ፊደላት ከንቱ ጌጥ ሆነው የገቡ አይደሉም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት እንግሊዞች «ኬ»ን ያሰሟት ነበር፤ «ጂ» እና «ኤች» አንድ ላይ የሚወክሉት ደግሞ ከጉሮሮ አካባቢ የሚወጣ፣ ከግዕዙ ብዙኃኑ ኀ ጋር የሚቀራረብ ድምፅ ነበር። የእንግሊዝኛ ዘመድ የሆነው ጀርመንኛ ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ስላልጣለው ሌሊትን «ናኽት» ይለዋል። እንግሊዝኛ ድምፁን ጥሎ ፊደሉን አስቀረ። አማርኛም በኀ ላይ ያደረገው ልክ ይህንኑ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በማይገናኙ አገሮች ተቀምጠው ተመሳሳይ ድምፅ አጥተው ተመሳሳይ ቅርስ በጽሕፈታቸው ውስጥ አስቀርተዋል።

የእኛ ፊደላት በእርግጥ የተለያየ ድምፅ እንደነበራቸው ማስረጃው የግዕዝ ዘመዶች ከሆኑ ቋንቋዎች ይገኛል። «ባሕር»፣ «ኀምስቱ» እና «ብርሃን» የሚሉትን ሦስት የግዕዝ ቃላት እንውሰድ። ሦስቱም በአማርኛ አንባቢ አፍ አንድ ዓይነት «ህ» ወይም «ሀ» አላቸው። ዐረብኛ ግን ሦስቱንም ቃላት ከእኛ ጋር ይጋራል፤ ሦስቱንም በሦስት የተለያዩ ድምፆች ይጠራቸዋል፤ በሦስት የተለያዩ ፊደላትም ይጽፋቸዋል። የግዕዝ ጸሐፊዎች ሐን፣ ኀን እና ሀን በእነዚህ ቃላት ላይ የመደቡት በዘፈቀደ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ምስክር የለም። ዐይኑ ዐም በዐረብኛና በዕብራይስጥ «ዐይን» በሚለው በዚያው ቃል ውስጥ የራሱ ፊደል አለው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ትግርኛ ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ ዛሬም በአፉ ይለያል፤ ስለዚህ የትግርኛ ተናጋሪ የትኛውን እንደሚጽፍ ጆሮው ይነግረዋል። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮው ዝም ይለዋል። የዚህ ዝምታ ምልክት በፊደል ገበታው ላይ ራሱ ይታያል፤ መምህሩ ፊደላቱን ለመለየት ቅጽል መጨመር ስላለበት ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ ይላል። ድምፅ ቢለያቸው ኖሮ ቅጽል ባላስፈለጋቸው። ሆኖም ቅጽሎቹ ሌላም ነገር ይነግሩናል፤ እያንዳንዱ ፊደል የተጠራው እርሱ በትክክል በሚገባበት ቃል ነው፤ ሐመር በሐ፣ ንጉሥ በሠ፣ ፀሐይ በፀ። ትውፊቱ ድምፁ ከጠፋ በኋላ የቃሉን መልክ መያዣ አድርጎ ፊደሉን ሊያድነው ሞክሯል ማለት ነው። መልካም ዘዴ ነው፤ ግን ከጥቂት ቃላት አላለፈም።

በቀሩት ቃላት ላይ መለዋወጥ ነገሠ። በብራና መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ጸሐፊዎች ሠን በሰ፣ ፀን በጸ ሲለዋውጡ ማየት የተለመደ ነው፤ አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሁለት መልክ ሊገኝ ይችላል። የሊቃውንቱን መዝገበ ቃላት ስንመለከትም ነገሩ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ እናያለን። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቅ የግዕዝ ሥራ በ1948 ዓ.ም. ሲታተም በርእሱ ላይ «ሐዲስ» የሚል ቃል ነበረው። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ «ዐዲስ» ብሎ ይጀምራል። የሀገራችን ዋና ከተማና ትልቁ ጋዜጣ ያንኑ ቃል «አዲስ» ብለው ይጽፉታል። ሦስቱም አጻጻፎች ምክንያት አላቸው። የመጀመሪያው ግዕዝ ነው። ሁለተኛው የግዕዙ ሐ በአማርኛ ሲላላ የጉሮሮ ዘመዱን ዐን ይተካበታል። ሦስተኛው የሚሰማውን ብቻ ይጽፋል። ምክንያት ያላቸው ሦስት አጻጻፎች ቢኖሩም አንባቢው የሚያስፈልገው አንድ ነው፤ የሚያስተምረው መምህርም የሚያስፈልገው አንድ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጎራ መከራከሪያ እንመለስ፤ ሞክሼዎቹ ትርጉም ይለያሉ የሚለውን። ምሳሌዎቹ የታወቁ ናቸው፤ በግዕዝ ደረጃ ደግሞ እውነት ናቸው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ምሥራቅ» የመጣው ከዚህ ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ሲሆን «ሰአለ» ለመነ ነው። «መሐረ» ይቅር አለ ሲሆን ምሕረትን ይወልዳል፤ «መሀረ» አስተማረ ሲሆን መምህርንና ትምህርትን ይወልዳል። «ዓመት» የጊዜ መስፈሪያ ነው፤ «አመት» ገረድ ናት። «ሐለየ» ዘመረ፣ «ኀለየ» ደግሞ አሰበ ነው። ግዕዝን የሚማር ሰው እነዚህን ካልለየ ንባቡ ይበላሽበታል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ጥያቄው ይህ ልዩነት በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። ጥንዶቹን አንድ በአንድ ብንመረምር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ በአማርኛ ሕያው ቃል አይደለም። በፎገራ ሜዳ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ «ትሠርቃለች» የሚል የለም፤ ገረድን «አመት» ብሎ የሚጠራ የለም፤ አስተማረ ለማለት «መሀረ» የሚል የለም። ስለዚህ አደጋ አለ የተባለባቸው ጥንዶች በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ፊት ለፊት አይገናኙም። «ሥዕል» እና «ስእለት»ን የመሳሰሉት ቢገናኙ እንኳ የቃሉ ቅርጽና የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ይለያቸዋል።

ለዚህ ከራሳችን ጽሕፈት የበለጠ ማስረጃ አለ። አማርኛ ለአንድ ድምፅ ብዙ ፊደል እንዳለው ሁሉ፣ በተቃራኒው ለሁለት ድምፅ አንድ መልክ ብቻ ያለው ቦታም አለ፤ ይህም የሚጠብቁና የሚላሉ ቃላት ነገር ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ ነው፤ ሲጠብቅ ዐቢይ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። እነዚህ ቃላት በየገጹ ያሉ፣ በየቀኑ የሚነበቡ ናቸው፤ ፊደሉ ምንም ዓይነት መለያ አልሰጣቸውም፤ አንባቢ ግን እምብዛም አይሰናከልባቸውም፤ በዙሪያቸው ያሉት ቃላት ይነግሩታል። ዐውድ ይህን ያህል ብርቱ ሥራ ከሠራ፣ የ«ሠረቀ» እና የ«ሰረቀ» ልዩነት ባይጻፍ አማርኛ ይፈርሳል ማለት አይቻልም። ሩሲያውያንም ይህን በተግባር አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1918 በሥራ ላይ ባዋሉት የጽሕፈት ማሻሻያ ድምፃቸው የተደረበ ፊደላትን ሲያስወግዱ «ሰላም» እና «ዓለም» ማለት የሆኑት፣ ሁለቱም «ሚር» ተብለው የሚነበቡት ቃላት በጽሑፍም አንድ ሆኑ፤ ሩሲያኛ ግን ሰላምን ከዓለም መለየት አላቃተውም። የእኛው ቅኔም ከዚህ ጋር ይስማማል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ በሚያቋርጠው በጋይንት ምድር የድጓው ትምህርት ቦታ ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ትምህርት ቦታ ዙር አምባ ይገኛሉ፤ በዚህ የሊቃውንት አገር ቅኔ የሚዘረፈው በቃል ነው፤ ሰሚው ፊደል አያይም። ኅብረ ቃል ሁለት ትርጉም የሚይዘው ጆሮ ስለማይለየው ነው፤ ሰምና ወርቁን የሚፈታው አእምሮ ነው።

የመጀመሪያውን ጎራ መከራከሪያ የሚያዳክመው ከዚህ ሁሉ በላይ ሌላ ነገር ነው። አንድ ልዩነት ለአንባቢ የሚጠቅመው ጸሐፊዎች ሁሉ ሲጠብቁት ብቻ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ሌሊቱንና ጦረኛውን በዐይኑ የሚለየው በሎንዶንም በናይሮቢም በወረታም የተጻፈው አንድ ስለሆነ ነው፤ ጦረኛውን ያለ «ኬ» የጻፈ ተማሪ ስሕተት ተብሎ ይታረማል። በአማርኛ ግን «ሰአሊ» ተብሎ የተጻፈ ቃል ያየ አንባቢ ጸሐፊው ለማኝ ማለቱ ይሁን ሥዕል የሚሥለውን ማለቱ ከፊደሉ ሊያውቅ አይችልም፤ ምክንያቱም ብዙዎች ሠዓሊውንም እንዲሁ ይጽፉታል፤ የሚያርማቸውም የለም። ስለዚህ ሞክሼዎቹ ትርጉም ይለያሉ የምንለው የመዝገበ ቃላት እውነት እንጂ የንባብ እውነት አይደለም። የሚለዩት ልናደርጋቸው ስንስማማ ነው፤ እስካሁን አልተስማማንም።

ሁለተኛው ጎራ ይህን ሲሰማ ታዲያ ለምን አንጥላቸውም ይላል። ይህ ጎራ የሚናቅ አይደለም፤ ታላላቅ ሰዎች ቆመውበታል። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ በመግቢያው ስለ አማርኛ ጽሕፈት ተከራክረዋል፤ ከሞክሼዎቹ አንዱን መርጦ መጠቀም እንደሚበቃና የሚጠብቀው ድምፅ ምልክት እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም ጉዳዩን አጥንቶ ፊደላቱ እንዲቀነሱ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የተቀናሾቹ ሒሳብ ቀላል ነው፤ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ከነዘራቸው ቢወጡ ከ231 ሆሄያት 35ቱ ይቀነሳሉ፤ 196 ይቀራሉ። ሆኖም ይህ ሒሳብ ራሱ መከራከሪያውን ያሳንሰዋል። 196 ሆሄ መያዝ የቻለ ሕፃን 231 መያዝ አያቅተውም፤ ለአዲሶቹ 35 ሆሄያት የሚሆነው ጊዜ ጥቂት ነው። ልጁን የሚያደክመው ፊደሉን ማወቁ አይደለም፤ ካወቀው በኋላ የት እንደሚያስገባው አለማወቁ ነው። አንዱ መምህር «ዓሣ»ን ትክክል ሲለው፣ የሚቀጥለው ዓመት መምህር «አሳ»ን ትክክል ሲለው፣ የመማሪያ መጽሐፉ ሁለቱንም ሲያሳየው ልጁ የሚማረው ትምህርት አጻጻፍ ደንታ የሌለው ነገር መሆኑን ነው። ይህ ደግሞ ከ35 ሆሄያት እጅግ የከፋ ጉዳት ነው።

የጉዳቱን ዋጋ በሰው ስም ላይ እናያለን። «ፀሐይ» የምትባል ሴት ስሟ በጸ ወይም በፀ፣ መካከሉ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለት በስድስት 12 መልክ ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚባል ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ፊደል ስድስት፣ ሥ ሁለት፣ ሴ ሁለት ምርጫ ስላላቸው 24 መልክ አለው፤ ስሙ ተነጣጥሎና ተያይዞ መጻፉ ሲታከልበት 48 ይደርሳል። አንድ የፎገራ ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተር አለው፤ የቀበሌ መታወቂያ አለው፤ የባንክ ደብተር አለው፤ ዛሬ ደግሞ የፋይዳ ቁጥር ያወጣል። ስሙ በእነዚህ ሁሉ የተጻፈው በተለያዩ ሠራተኞች እጅ ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛም የሚጽፈው በለመደው ፊደል ነው። ጣና ሲሸሽ ብቅ የሚለውና በሐይቁ ዳር ያለው ገበሬ የሚያርሰው ባሕር ሸሽ መሬት እንኳ በአንዱ ሰነድ «ባሕር ሸሽ»፣ በሌላው «ባህር ሸሽ» ሊሆን ይችላል። በወረቀት ዘመን ይህ ብዙ አያስቸግርም ነበር፤ አንባቢው ሰው ነውና ድምፁን ሰምቶ ያስታርቀዋል። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ (የኮምፒውተር ፊደላት ቁጥር መለያ) ዕትም ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ተሰጧቸው፤ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነበር። ስለዚህ «ዓሣ እርባታ» ብሎ የፈለገ ባለሙያ «አሳ እርባታ» ተብሎ የተቀመጠውን ጽሑፍ አያገኘውም፤ ፈላጊው መሣሪያ ሞክሼዎቹን እንዲያስታርቅ ተደርጎ ካልተሠራ በቀር። ዕውቀቱ ተጽፏል፤ ግን ላልተስማሙት ሰዎች የተጻፈው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የቀናሾቹ ጎራ ድል ያደረገ ይመስላል፤ ሞክሼዎቹ ባይኖሩ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበርና። ግን ሁለት ነገሮች ይመልሱታል። የመጀመሪያው፣ ፊደላቱ ከአማርኛ ቢወጡም ከሀገሩ አይወጡም። ግዕዝ በቅዳሴውና በመጻሕፍቱ ይጠቀምባቸዋል፤ ትግርኛ ድምፃቸውን ጭምር ይጠቀምባቸዋል፤ ባለፉት መቶ ዓመታት የታተሙት የአማርኛ መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና መዛግብት ሁሉ ሞልተውባቸዋል። አዲሱ ትውልድ ሳያውቃቸው ቢያድግ የአያቱን መጽሐፍ ለማንበብ ይቸገራል፤ የፍለጋ መሣሪያውም ቢሆን አሮጌውን ከአዲሱ ማስታረቅ ግዴታው ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ፊደላቱ የቃላትን ዝምድና ያሳያሉ። «ሥዕል»፣ «ሠዓሊ» እና «ሣለ» በሠ ሲጻፉ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው በዐይን ይታያል፤ «ምሕረት» በሐ፣ «ትምህርት» በሀ ሲጻፉ ሁለት ቤተሰብ መሆናቸው ይታያል። ይህ ዝምድና ቃላትን ለሚማር ልጅ መንገድ ነው፤ ለሳይንስና ለሕግ አዲስ ቃላት ከግዕዝ ሥር የሚያወጣ ሰውም የሚመራበት ነው። እንግሊዝኛም የማይነበቡ ፊደላቱን ይዞ የኖረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ የቃላቱ መልክ ምንጫቸውን ያሳያል።

ስለዚህ መንገዱ ፊደላቱን ጠብቆ አጻጻፉን መወሰን ነው። ውሳኔውም የሚያስፈራ ያህል ከባድ አይደለም፤ ሦስት ደንቦች አብዛኛውን ነገር ይፈታሉ። የግዕዝ ሥሩ የታወቀና ድምፁ በአማርኛ ሳይወድቅ የቀረ ቃል የሥሩን ፊደል ይያዝ፤ ባሕር፣ ሐይቅ፣ ዓሣ፣ ንጉሥ፣ ፀሐይ፣ ዓመት ከዚህ ይመደባሉ። ድምፁ በአማርኛ የተለወጠ ቃል እንደሚሰማው ይጻፍ፤ ከ«ሐዲስ» የመጣው «አዲስ»፣ ከ«ኀምስቱ» የመጣው «አምስት»፣ ከ«ሐረሰ» የመጣው «አረሰ» እና «እርሻ» እንዲህ ናቸው። ሥሩ ያልታወቀ ወይም ከውጭ የመጣ ቃል ደግሞ በሀ፣ በሰ፣ በአ እና በጸ ይጻፍ። ይህ ሦስተኛው ደንብ አዲስ ፈጠራ እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። «ሆቴል»ን በሐ፣ «ሳሙና»ን በሠ፣ «አውቶቡስ»ን በዐ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ማንም ሳያዝ፣ ማንም ሳያስተምር ጸሐፊው ሁሉ የእንግዳ ቃላትን ድርሻ ለቀላሎቹ ፊደላት ሰጥቷል። ሕዝቡ በዝምታ የተስማማበት ደንብ ካለ፣ ሌሎቹ ላይ በግልጽ መስማማት የማይቻል ነገር አይደለም።

ለዚህ ሐሳብ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ግዕዝ ያልተማረ ሰው የቃሉን ሥር በምን ያውቃል የሚል። ቅኔ ቤት ያልገባ የገበሬ ልጅ «ዓሣ» በዐይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ መጻፉን ከየት ያመጣዋል? መልሱ ሥሩን ማወቅ የለበትም ነው። እንግሊዛዊው ሕፃን የጥንቱን እንግሊዝኛ ሳያውቅ «ናይት»ን ከነማይነበቡ ፊደላቱ ይጽፋል፤ ምክንያቱም ቃሉን ባየ ቁጥር ያየው በዚያ መልክ ብቻ ነው። ዐይን የቃልን መልክ የሚይዘው በመደጋገም ነው፤ የማይለዋወጥ መልክ ብቻ ነው ሊደጋገም የሚችለው። ሥሩን የመመርመሩ ሥራ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ነው፤ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሁሉ ነው። ሌላው ተቃውሞ ማን ሥልጣን ሰጣችሁ የሚል ነው። እንግሊዝኛን አንድ ያደረገው ግን የመንግሥት አካዳሚ አይደለም። ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያውን በእንግሊዝ ከተከለ በኋላ አታሚዎች ቀስ በቀስ ወደ አንድ መልክ አዘነበሉ፤ የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1755 ሲወጣ የተዘበራረቀውን አጸናው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ያንኑ አስተማረ። ከሦስቱ ሦስቱም እኛ ዘንድ አሉ። የመማሪያ መጻሕፍት ይታተማሉ፤ ጋዜጦችና አሳታሚዎች አራሚዎች አሏቸው፤ መዛግብተ ቃላትም አሉ። ወረታ ላይ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልን የመሰሉ ተቋማትም ለገበሬ የሚያስተምሩት በአማርኛ ነው፤ እያንዳንዱ የሥልጠና ጽሑፍ አንድ መልክ ቢይዝ ቋንቋው በሥራ ላይ ይጸናል።

የሰው ስም ግን ከዚህ ደንብ ውጭ መሆን አለበት። ስም የባለቤቱ ነው፤ ወላጆቹ «ሃይሉ» ብለው ካጻፉት ማንም «ኃይሉ» ብሎ ሊያርመው አይገባም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ስምምነት ነው፤ ሰነድ የሚመዘግቡ መሥሪያ ቤቶች የባለቤቱን አጻጻፍ ከመጀመሪያው ሰነድ ፊደል በፊደል ይገልብጡ፤ መዝገባቸውን የሚይዙበት የኮምፒውተር ሥርዓት ደግሞ በፍለጋ ጊዜ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቁጠር። ይህ በቴክኒክ በኩል ቀላል ሥራ ነው፤ የሚቆጠሩ ጥቂት የፊደል ቤተሰቦችን ማጣመር ብቻ ይጠይቃል። ስንጽፍ አንለያይ፣ ስንፈልግ እናስታርቅ የሚለው መመሪያ ሁለቱን ጉዳዮች ይዞ ይሄዳል።

ፊደል መኖሩ ብቻ በቂ ኩራት ነው ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ኩራቱ ተገቢ ነው፤ ከግዕዝ የወረስነው ጽሕፈት ዘመድ ቋንቋዎች በድምፅ የጠበቁትን ልዩነት በመልክ ጠብቆልናል። ነገር ግን ውርስ የሚጸናው ወራሾቹ በአያያዙ ሲስማሙ ነው፤ አንዱ ለጌጥ፣ አንዱ በልማድ፣ አንዱ በግዴለሽነት የሚጽፈው ፊደል ቅርስነቱን በራሱ ያጣል። ሥራውም ከትንሽ ሊጀምር ይችላል። ለአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት አምስት መቶ ያህል የተለመዱ ቃላት ይመረጡ፤ የእያንዳንዳቸው አጻጻፍ ይወሰን፤ ዝርዝሩ በየመጽሐፉ መጨረሻ ይታተም፤ መምህሩም ተማሪውም በእርሱ ይመዘኑ። ዓሣ፣ ውኃ፣ ባሕር፣ ሐይቅ፣ ዓመት፣ ፀሐይ ከመጀመሪያው ገጽ ሊቀመጡ ይገባቸዋል፤ የፎገራ ልጅ በየቀኑ የሚያያቸው ነገሮች ናቸውና። አንድ ትውልድ በዚያ ዝርዝር ከተማረ የሚቀጥለው ትውልድ ስለ ሞክሼ ፊደላት መከራከር አያስፈልገውም፤ ሲጽፍ ሁሉም የሚጽፈውን ይጽፋልና።